ኦክስጅኑ ገባ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን አልወጣም፦ ከ1952ቱ የኮፐንሃገን ወረርሽኝ የአንዲት ታካሚ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

በጽኑ ሕሙማን ክፍል ታካሚ አጠገብ የቆመ ባለሙያ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ አለበት። አንደኛው ኦክስጅን ወደ ደም እየገባ መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም እየወጣ መሆኑ። የመጀመሪያውን ጣት ላይ የሚቆነጠጠው መለኪያ ወዲያው ይነግረናል። ሁለተኛው የደም ጋዝ ምርመራ ወይም ካፕኖግራፍ (በሚወጣው ትንፋሽ ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካ መሣሪያ) ስለሚፈልግ ብዙ ጊዜ ሳይታይ ያልፋል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 27 ቀን 1952 (ነሐሴ 21 ቀን 1944 ዓ.ም.) ኮፐንሃገን ውስጥ የአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ሕይወት የተንጠለጠለው በዚሁ ልዩነት ላይ ነበር። የዛሬው የጽኑ ሕሙማን ክፍልና የዛሬው የቬንትሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ሕክምና በብዙ መልኩ የተወለዱት ከዚያች ልጅ አልጋ አጠገብ ነው። የታካሚዋን ስም አንጠቅስም፤ የሐኪሞቹ ስም ግን በሕክምና ታሪክ በይፋ የሚታወቅ ስለሆነ አስፈላጊ በሆነበት ቦታ ይገኛል።

የነበረው ሁኔታ

ብሌግዳም የኮፐንሃገን የተላላፊ በሽታዎች ሆስፒታል ነበር። ከጁላይ 24 እስከ ዲሴምበር 3 ቀን 1952 ባለው ጊዜ 2,722 የፖሊዮ ታካሚዎችን ተቀብሏል። ከእነዚህ ውስጥ 866ቱ ሽባነት ደርሶባቸው ነበር። 316ቱ ደግሞ መዋጥ ወይም መተንፈስ ተስኗቸው የተለየ እርዳታ የሚሹ ነበሩ። ወረርሽኙ ሲብስ በአንድ ቀን እስከ 50 ሰው ይገባ ነበር።

ፖሊዮ በሁለት መንገድ ትንፋሽን ይነሳል። ቫይረሱ በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉትን ጡንቻ አንቀሳቃሽ ነርቮች ሲያጠቃ ድያፍራምና የጎድን አጥንት ጡንቻዎች ይሰንፋሉ፤ ደረት አየር የሚስብበት ጉልበት ያጣል። የአንጎል ግንድ ሲነካ ደግሞ መዋጥና ማሳል ይጠፋል፤ ምራቅና አክታ ጉሮሮ ውስጥ ተጠራቅሞ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ሁለቱ ሲገናኙ ታካሚው በገዛ ምራቁ ይሰጥማል።

በዚያን ጊዜ ሆስፒታሉ ያለው መሣሪያ አንድ የብረት ሳንባና 6 ኪውራስ ብቻ ነበር። የብረት ሳንባ ታካሚው እስከ አንገቱ የሚገባበት ትልቅ ሲሊንደር ነው። ውስጡ ያለው አየር ሲመጠጥ በደረት ዙሪያ ያለው ግፊት ይቀንሳል፣ ደረት ይነፋል፣ አየር በአፍና በአፍንጫ ይገባል። ኪውራስ በዚሁ መርሕ የሚሠራ፣ ደረትና ሆድን ብቻ የሚሸፍን ቅርፊት ነው፤ አቅሙ በጣም ያነሰ ነው። ሁለቱም ጡንቻው ብቻ ለደከመ ታካሚ ጥሩ አገልግሎት ሰጥተዋል። ጉሮሮው በአክታ ለተሞላ ሰው ግን ደረቱን ወደ ውጭ መሳብ አክታውን ወደ ሳንባው እንደ መምጠጥ ነው። በወረርሽኙ የመጀመሪያ ሳምንታት በእነዚህ መሣሪያዎች ከታከሙት 31 ሰዎች 27ቱ ሞቱ።

ተቃራኒ ትርጉም ያለው ቁጥር

ለሞት የተቃረቡት ታካሚዎች ያልባቸው ነበር፤ የደም ግፊታቸው ይጨምራል፣ ቆዳቸው ይረጥባል፣ ቀስ በቀስም ይደነዝዛሉ። የሚታከሙት ኦክስጅን እያገኙ ስለነበር ሁሉም ሰማያዊ አይመስሉም። ይህ ሁሉ ቫይረሱ አንጎልን ስላጠቃ የመጣ ነው ተብሎ ይታመን ነበር።

የቤተ ሙከራው ውጤት ደግሞ ግራ የሚያጋባ ነገር ያሳይ ነበር። በደም ውስጥ ያለው ጠቅላላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በሌላ አነጋገር በአብዛኛው ባይካርቦኔት የሚባለው አሲድን የሚያረጋጋ ንጥረ ነገር፣ ከፍ ያለ ነበር። ከፍ ያለ ባይካርቦኔት ደግሞ የአልካሎሲስ (የደም አሲድነት ከሚገባው በታች የመውረድ) ምልክት ነው ተብሎ ይነበብ ስለነበር፣ «ምክንያቱ ያልታወቀ አልካሎሲስ» ተባለ።

ስሕተቱ የት ላይ እንዳለ በሒሳብ ማየት ይቻላል። የደም ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) የሚወሰነው በባይካርቦኔቱ ብቻ ሳይሆን በባይካርቦኔትና በካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ጥምርታ ነው። ባይካርቦኔቱ 36 ሆኖ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊቱ 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከሆነ ፒኤቹ 7.58 ይሆናል፤ ይህ በርግጥም አልካሎሲስ ነው። ያው ባይካርቦኔት 36 ሆኖ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊቱ 100 ከሆነ ግን ፒኤቹ ወደ 7.18 ይወርዳል፤ ይህ ደግሞ የሚገድል አሲዶሲስ (የደም አሲድነት መብዛት) ነው። አንድ ቁጥር፣ ሁለት ተቃራኒ በሽታ። ፒኤቹን ሳይለኩ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

የውስጥ ደዌ ሐኪም የሆነው ሞገንስ ብዮርነቦ፣ ቢዮርን ኢብሰን የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም እንዲጠራ ሐሳብ ያቀረበው በዚህ ጊዜ ነው። የሆስፒታሉ ኃላፊ ላሰን ተስማማ፤ ውይይቱ ኦገስት 25 ቀን ተካሄደ። ኢብሰን በማደንዘዣ ሥራው ትንፋሹ የታፈነ ታካሚን በየቀኑ ያይ ነበር። ላቡ፣ የግፊቱ መጨመርና መደንዘዙ ለእሱ የሚታወቅ ሥዕል ነው፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ክምችት ነው። የሞቱትን ታካሚዎች ሳንባ ሲመለከትም አየር ሊያስተላልፍ የሚችል ሳንባ እንደነበራቸው አየ። እንግዲህ የሞቱት ሳንባቸው ስላለቀ አይደለም፤ በቂ አየር ስላልገባና ስላልወጣ ነው።

ጥልቀት የሌለው ትንፋሽ ለምን አይበቃም

የአየር መጠን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በደቂቃ ስንት ሊትር ተነፈሰ የሚለውን ነው። ሳንባ ግን ከምንስበው አየር የተወሰነውን ለጋዝ ልውውጥ አይጠቀምበትም። በአፍንጫ፣ በጉሮሮና በመተንፈሻ ቱቦ ውስጥ የሚቀረው አየር፣ ዴድ ስፔስ የምንለው፣ በግምት በኪሎ 2 ሚሊ ሊትር ነው። 40 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 80 ሚሊ ሊትር ይሆናል።

አሁን ሁለት ልጆችን እናወዳድር። አንደኛው በአንድ ትንፋሽ 300 ሚሊ ሊትር እየሳበ በደቂቃ 16 ጊዜ ይተነፍሳል። ሁለተኛው ጡንቻው ደክሞ 120 ሚሊ ሊትር ብቻ እየሳበ በደቂቃ 40 ጊዜ ያለከልካል። ሁለቱም በደቂቃ 4.8 ሊትር ተነፈሱ። ዴድ ስፔሱ ሲቀነስ ግን የመጀመሪያው ልጅ ሳንባ የአየር ከረጢቶች ውስጥ የሚደርሰው አየር 3.5 ሊትር ሲሆን፣ የሁለተኛው 1.6 ሊትር ብቻ ነው። የሚመነጨው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እኩል ሆኖ ከረጢቶቹን የሚያጥበው አየር በግማሽ ሲቀንስ የደሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጥፍ ይሆናል። ፈጣን ትንፋሽ ያለው ታካሚ «በደንብ እየተነፈሰ ነው» ተብሎ የሚታለፈው ይህ ስሌት ስለማይታሰብ ነው። ትኩሳት ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። የሰውነት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ሰውነት የሚያመነጨው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በግምት 10 በመቶ ይጨምራል፤ የዚህች ታካሚ ሙቀት 40.2 ነበር።

ኦክስጅኑስ? ለታካሚው 50 በመቶ ኦክስጅን ከተሰጠ፣ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ የደሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 100 ቢደርስ እንኳ በአየር ከረጢቶቹ ውስጥ የሚቀረው የኦክስጅን ግፊት ወደ 230 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ደሙ ሙሉ በሙሉ በኦክስጅን ይጠግባል፤ ከንፈሩ ቀይ ይሆናል። በተራ አየር ቢሆን ኖሮ ያው ታካሚ ወደ 25 በወረደ ነበር። ኦክስጅን የታካሚውን ሕይወት ያረዝማል፤ በዚያው ልክ ግን ማንቂያ ደወሉን ይዘጋል።

በታካሚዋ ላይ የተደረገው

ልጅቷ ሁለቱም እጆቿና እግሮቿ ሽባ ሆነው፣ ግራ ሳንባዋ አየር አጥቶ ተጣብቆ፣ አየር ለመሳብ እየታገለች፣ በምራቋ እየሰጠመች ነበር። ሰማያዊ ሆናለች፤ ላብ በላብ ነች።

መጀመሪያ በአካባቢ ማደንዘዣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ ትራኪኦስቶሚ (አንገት ላይ ወደ መተንፈሻ ቱቦ የሚከፈት ቀዳዳ) ተደረገላትና ካፍ (የሚነፋ ቀለበት) ያለው የጎማ ቱቦ ገባላት። የካፉ ጥቅም ሁለት ነው፤ ከላይ የሚወርደውን ምራቅ ያግዳል፣ የሚነፋው አየር ደግሞ ተመልሶ በአፍ እንዳያመልጥ ያደርጋል። በዚህ መካከል ራሷን ሳተች።

ቀጥሎ የታሰበው ቱቦው ላይ ቦርሳ ገጥሞ በእጅ መንፋት ነበር፤ አልተቻለም። የሳንባ የአየር ቧንቧዎች (ብሮንካይ) ተጨማደዋል፣ አክታው ሞልቷል፣ ልጅቷም ከሚገባው አየር ጋር ትታገላለች። ቦርሳው ሲጨመቅ አየሩ አይገባም። ብዙ ሰው በዚህ ደረጃ ተስፋ ይቆርጥ ነበር። ኢብሰን ግን 100 ሚሊ ግራም ፔንቶታል የተባለ ማደንዘዣ በደም ሥር ሰጣት። የራሷ ትንፋሽ ቆመ፤ ትግሉም አብሮ ቆመ። ከዚያ በኋላ ሳንባዋን መንፋት ተቻለ። መወሰኑ ከባድ ነው፤ ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ትንፋሹን ሙሉ በሙሉ ማቆም ማለት ነው። ውሳኔው ትክክል የሆነው ግን ቱቦው ቀድሞ ቦታው ላይ ስለነበረና ትንፋሹን የሚተካ እጅ ዝግጁ ስለነበረ ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ልጅቷ ትሞት ነበር።

አየሩ የሚሄደው ሶዳ ላይም በያዘ ቆርቆሮ በኩል ወደ ጎማ ቦርሳ ሲሆን፣ ቆርቆሮው የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል። ከዚያ በኋላ የተደረገው ማስረጃ ማቅረብ ነበር። የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድና የደሙ ኦክስጅን በመሣሪያ እየተለኩ፣ አየሩ ሲቀነስ ላቡ ይመለሳል፣ የደም ግፊቷ ይጨምራል፤ አየሩ በቂ ሲሆን ቆዳዋ ይደርቃል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ኪውራሱ ተመልሶ ሲሞከር ክምችቱ ተመለሰ፤ ወደ ቦርሳው ስትመለስ ተሻላት። «አንጎሏ ተጎድቷል» ይባል የነበረው ምልክት በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በእጅ ጭመቃ የሚመጣና የሚሄድ ነገር ሆኖ ተገኘ። ልጅቷ ከወረርሽኙ ተርፋ ብዙ ዓመታት ኖረች፤ ለመተንፈስ ግን ዕድሜዋን ሙሉ የመሣሪያ እርዳታ ትፈልግ ነበር።

ከአንድ አልጋ ወደ 70 አልጋ

ከዚያ በኋላ ያለው ችግር የማደራጀት ነው። ለአንድ ታካሚ ቀንና ሌሊት የማያቋርጥ አንድ እጅ ያስፈልጋል። የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ ተመደቡ፤ በጠቅላላው ወደ 1,500 የሚጠጉ ተማሪዎች በዚህ ሥራ ተሳትፈዋል፤ የሠሩት ሰዓት 165,000 ይገመታል። በአንድ ጊዜ እስከ 70 ታካሚዎች በእጅ ይነፉ ነበር። የሚሰጠው ጋዝ ግማሹ ኦክስጅን፣ ግማሹ ናይትሮጅን ነበር። ተማሪው ከታካሚዋ ራስጌ ተቀምጦ ዓይኑን ፊቷ ላይ አድርጎ ቦርሳውን ይጨምቃል። መናገር የማትችል ልጅ በዓይኗና በከንፈሯ «ይበልጥ» ወይም «ይቀንስ» ትለዋለች። ነርሶች ያገላብጣሉ፣ ሳክሽን ያደርጋሉ (አክታውን በቱቦ ይስባሉ)፤ የማደንዘዣ ሐኪሞች ይቆጣጠራሉ።

እጅ ግን ራሱ አይለካም። እዚህ ላይ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ፖውል አስትሩፕ ፒኤች በቀጥታ መለካት ጀመረ፤ ፒኤችና ጠቅላላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከታወቁ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊቱ ይሰላል። ዛሬ የደም ጋዝ ብለን በደቂቃ የምናገኘው ወረቀት ከዚህ ሥራ የተገኘ ነው። በእኛ እምነት ከቦርሳው እኩል ሕይወት ያዳነው ይህ መለኪያ ነው፤ ያለ እሱ አንዱ ተማሪ ያሳንሳል፣ ሌላው ያበዛል፣ የሚያርማቸው ነገር የለም።

የመተንፈስ ችግር ያለባቸው ታካሚዎች ሞት ከ87 በመቶ ወደ 40 በመቶ አካባቢ ወረደ።

ያልሠራውና የቀረው

40 በመቶ ብዙ ሰው ነው። በእጅ መንፋት ለሳንባ የሚገባውን ግፊት አይወስንም፤ አንዱ ትንፋሽ ትልቅ፣ ሌላው ትንሽ ይሆናል። በአፍንጫ ሳይሞቅና ሳይረጥብ በቱቦ በቀጥታ የሚገባ ደረቅ ጋዝ አክታን ያደርቃል፣ ቱቦ ይዘጋል። ሳንባን ከውስጥ የሚነፋ ግፊት ደግሞ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ይቀንሳል። በተለይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የደም ግፊቱን ከፍ አድርጎ የያዘበት ታካሚ፣ ጋዙ በድንገት ሲታጠብ ግፊቱ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት የደም ሥር መስመር፣ ፈሳሽና ግፊት ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት መዘጋጀት አለበት። የሰው እጅ ለወራት ሊቀጥል እንደማይችልም ግልጽ ነበር። በስዊድን የተሠራው የኤንግስትረም ቬንትሌተር በኋለኞቹ ዓመታት በሰፊው ተፈላጊ የሆነው ለዚህ ነው። ኢብሰንም በ1953 መጨረሻ በኮፐንሃገን ሌላ ሆስፒታል ውስጥ የሁሉንም ዓይነት ጽኑ ሕሙማን የሚይዝ ክፍል አደራጀ።

ዛሬ አልጋ አጠገብ የሚጠቅመው

በእኛ ሆስፒታሎች ሁሉም ባለሙያ አምቡ ባግ ብሎ የሚጠራው ራሱ የሚነፋ ቦርሳ የዚያው አገር ውጤት ነው። የዴንማርኩ ማደንዘዣ ሐኪም ሄኒንግ ሩበንና መሐንዲሱ ሆልገር ሄሰ በ1956 ያወጡት ነው፤ ከጎማው ቦርሳ የሚለየው የጋዝ ሲሊንደር ባይኖርም ከአካባቢ አየር ራሱን የሚሞላ መሆኑ ነው። ቬንትሌተር በሌለበት ወይም መብራት በጠፋበት ሰዓት ቤተሰብ ወይም ተለማማጅ ተማሪ ቦርሳ ሲጨምቅ የምናየው ትዕይንት የብሌግዳም ትዕይንት ነው፤ ስለዚህ የዚያ ጊዜ ትምህርት ሳይቀየር ይሠራል።

ለአዋቂ አምቡ ባግ ሙሉ በሙሉ ከተጨመቀ ከሚያስፈልገው በላይ አየር ይሰጣል። ግቡ ደረቱ ከፍ ማለቱን ዓይን እንዲያይ ብቻ ነው፤ ለቁመቱ ከሚጠበቀው ክብደት በኪሎ 6 እስከ 8 ሚሊ ሊትር፣ ለ60 ኪሎ ሰው 360 እስከ 480። ለአዋቂ በየ5 ወይም 6 ሰከንዱ አንድ ጊዜ መጭመቅ ለብዙው ይበቃል። ድንጋጤ እጅን ያፋጥናል፤ በደቂቃ 30 እና 40 ሲደርስ አየሩ ሳይወጣ ሌላው ይገባል፣ ሳንባ ይነፋል፣ የደም ግፊት ይወድቃል። በተለይ አስም ያለበት ታካሚ ላይ ይህ የሚገድል ነው። ግፊቱ በድንገት ከወደቀ ቦርሳውን ከቱቦው ለይቶ ደረቱን አየር እንዲያስወጣ ለጥቂት ሰከንዶች መተው አንዱ ፈውስ ነው።

ቦርሳው በድንገት ከጠነከረ፣ ከኮፐንሃገኑ ልጅ ቱቦ ጋር የነበረው ትግል ተመለሰ ማለት ነው። የምንጠይቀው በቅደም ተከተል ነው፤ ቱቦው ወጥቷል ወይስ ወደ አንድ ሳንባ ወርዷል፣ በአክታ ተዘግቷል፣ ከሳንባው አየር አፈትልኮ ደረት ውስጥ ተጠራቅሟል፣ ወይስ መሣሪያው ተበላሽቷል። የሳክሽን ቱቦ ወደ ውስጥ ካለፈ የመዘጋት ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ተመለሰ። በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ በላይ አይሳብም፤ ከመሳብ በፊትም ኦክስጅን ይጨመራል። የካፍ ግፊት በማኖሜትር ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውኃ ይያዛል፤ በጣት መዳሰስ አይበቃም። እነዚህ ሁሉ ተፈትሸው የሚታገለው ታካሚው ከሆነ ነው የማደንዘዣ ጥያቄ የሚነሳው።

ለከፍታ ቦታ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ወደ 580 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ስለሚወርድ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 60 የደረሰ ታካሚ ያለ ኦክስጅን ከረጢቶቹ ውስጥ የሚቀረው ኦክስጅን ወደ 37 ብቻ ነው፤ የሳቹሬሽን (በጣት የሚለካው የደም ኦክስጅን) መለኪያው በጊዜ ይጮኻል። 50 በመቶ ኦክስጅን ሲሰጠው ግን ወደ 190 ይሆናል፤ መለኪያው 98 እና 99 ያሳያል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን ሳይታይ ይጨምራል። ስለዚህ ኦክስጅን ላይ ያለ፣ እየደከመ የሚተነፍስ ታካሚ ሳቹሬሽኑ ጥሩ ስለሆነ ብቻ አይተውም። የደም ጋዝ ማሽን ከሌለ የሚቀረን የትንፋሹ ጥልቀት፣ ላቡ፣ የግፊቱ መጨመር፣ መደንዘዙና በኤሌክትሮላይት ምርመራ ላይ የሚታየው ባይካርቦኔት ነው። ባይካርቦኔቱ ከፍ ካለና ታካሚው እየተኛ ከሄደ፣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት አልካሎሲስ ሳይሆን የታፈነ ትንፋሽ ነው።

ቬንትሌተር ላይ ቅንብር ከተቀየረ በኋላ የኦክስጅን ለውጥ በጥቂት ደቂቃዎች ይታያል፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ለውጥ ግን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። የደም ጋዙ ከዚያ በፊት ከተወሰደ የሚያሳየው አሮጌውን ሁኔታ ስለሆነ፣ በወረቀቱ ላይ ቅንብሩ የተቀየረበት ሰዓትና ደሙ የተቀዳበት ሰዓት ጎን ለጎን መጻፍ አለበት።